«የእናንተም ጠፋ?»

አዲስ አበባ ቀጨኔ ሰፈር ውስጥ ጀበና የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጣቱን አጥፎ ኳ ያደርገዋል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድምፁ ከደፈነ ግን ዓይን ያላየው ስንጥቅ አንድ ቦታ ላይ አለ። ጠንቃቃ ገዢ በዚህ ብቻ አይረካም። ውኃ ሞልቶ አንገትና ሆዱ የሚገናኙበትን ቦታ በመዳፉ እየዳሰሰ ይጠብቃል፤ ካላበው ይመልሰዋል። ሸክላ ሠሪዋ ይህን ሁሉ ቆማ ታያለች። ደንበኛ ማቆየት የምታውቅ ሴት ከሆነች ደግሞ ገዢው እስኪያገኘው አትጠብቅም። «ይቺን ተዋት፤ እጀታዋ ላይ እሳት ጠንቶባታል። ያቺኛዋን ውሰድ» ትለዋለች።

ምጣድ ሲሆን ወሬው ይረዝማል። አዲስ ምጣድ ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቃል፤ እንጀራ ከተጣበቀ ደግሞ ጥፋቱ ወደ ሠሪዋ ይሄዳል። ስለዚህ ምጣዱ ከነመመሪያው ነው የሚሸጠው፦ መጀመሪያ በለስላሳ እሳት ይሙቅ፣ የጎመን ዘር ይፈጭለት፣ በማሰሻው ደጋግመሽ እሺው፣ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ቢበላሹ አትደንግጪ። የመጨረሻዋ ማስጠንቀቂያ በተለይ ብልህ ናት። ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ስሙን ጠርታ፣ ዕድሜውን ተናግራ፣ ገዢዋን አረጋግታ ትሸኛለች። ምጣዱ ቢሰነጠቅ ገዢዋ የምትመለሰው እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ደጅ ነው፤ ሠሪዋ የምትደበቅበት ቦታ የላትም።

ይህ መተማመን የበቀለበት መሬት ግን ለም አልነበረም። ከእንጦጦ ግርጌ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ የሰፈሩት ባለእጆች አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ዘመን ወዲህ ከሰሜን ሸዋ እንደመጡ ይነገራል፤ ዘራቸውን ከቤተ እስራኤል የሚያዛምዱ ቤተሰቦችም ዛሬ ድረስ አሉ። ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ከተማው ዕቃቸውን ፈልጎ ሰዎቹን ሸሸ። «ቡዳ»፣ «ሸክለኛ»፣ «ቀጥቃጭ» እያለ ሰደበ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እንግዲህ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ገበታ የማይቀርብ ገዢ፣ ስለ ጀበናው ግን ቃሏን አምኖ ይሄድ ነበር። በሰውነቷ የነፈጋትን እምነት በሙያዋ ሰጣት ማለት ነው። የሚያሳፍር ታሪክ ነው፤ ስለ ብልሽት በግልጽ መነጋገር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከዚያው ሰፈር ቁልቁል ሲወረድ ሌላ ቤት አለ። በሩ ላይ ያረጀ መጋረጃ፣ ውስጡ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ እግሩ የተነቀነቀ ጆተኒ። ጌም ቤት ነው። እዚህ የሚሸጠው በእጅ አይዳሰስም፣ በጣት ኳ አይባልም። ሠሪው ቶኪዮ ወይም ካሊፎርኒያ ነው ያለው። በድንገት ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ቤቱ በአንድ ድምፅ ይጮኻል፤ አንዱ ልጅ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጎረቤት ይጣራል፦ «የእናንተም ጠፋ?»

አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። የከተማው የመጀመሪያ የብልሽት ምርመራ ነው። ከጎረቤት ለአንዳንዱ ብቻ ካለ ፌዝ ሄዷል፣ የሁሉም ከጠፋ ነገሩ ከባድ ነው፣ የእኛ ብቻ ከሆነ ቆጣሪው ይታይ። የመብራት ኃይል የጥሪ ማዕከል 905፣ የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው፤ ሰው ግን ቁጥሩን ከመምታቱ በፊት አጥሩን ይመታል። መልስ የሚሰጠው ሩቅ ሲሆን የቅርቡን መጠየቅ ግድ ይላል።

የኦንላይን ጌም ሠሪዎች ግን ታሪኩ ሲጀምር እንዲህ ሩቅ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ የተባለ ተማሪ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት፣ ሥዕል የሌለው፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ የሚነገርበት «መድ» የሚባል ጨዋታ ጀመረ፤ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል ተቀብሎ አሳደገው። ተጫዋቾቹ የዚያው ግቢ ልጆች ነበሩ። ጨዋታው ሲበላሽ ሠሪውን ኮሪደር ላይ ያገኙታል፣ ወይም እዚያው ጨዋታው ውስጥ ይጽፉለታል። ልምድ ያካበተ ተጫዋች ደግሞ «ጠንቋይ» የሚል ማዕረግ አግኝቶ ራሱ ሥርዓት ያስከብር ነበር። ከቀጨኔ ደጅ ብዙም አይለይም፤ ሠሪና ተጠቃሚ ይተያያሉ።

ርቀቱ የመጣው ጨዋታው ንግድ ሲሆን ነው። መቶዎቹ መቶ ሺህ፣ መቶ ሺዎቹ ሚሊዮን ሆኑ። በዚህ መሐል የኩባንያዎቹ ልማድ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት የተከተለ ይመስል ነበር፦ እስኪጣራ ዝም፣ እስኪጠገን ዝም፣ ጠበቃ እስኪያየው ዝም። ዝምታ እንደሚነቅዝ ለማወቅ ብዙ ገንዘብ ወጣ።

ከሁሉም ይልቅ የሚገርመው የአይስላንዱ ሲሲፒ ገጠመኝ ነው። ይህ ኩባንያ «ኢቭ ኦንላይን» የሚባል የጠፈር ጨዋታ አለው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2007 ትልቅ ማሻሻያ ለቀቀ። ጨዋታው በራሱ ማኅደር ውስጥ ያስቀመጠው አንድ ፋይል ስሙ ዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒዩተሩን ለማስነሣት ከሚጠቀምበት ፋይል ጋር አንድ ነበር። ማሻሻያው የራሱን አሮጌ ፋይል አጠፋለሁ ብሎ የአንዳንዱን ሰው የዊንዶውስ ፋይል አጠፋው። ሰውዬው ተጫውቶ፣ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ጠዋት ማሽኑ አይነሣም። ኩባንያው ፋይሉ እንዴት እንደሚመለስ መመሪያ አወጣ፤ መመሪያው ግን የሚነበበው ኮምፒዩተሩ በተነሣለት ሰው ነው! ሲሲፒን ያተረፈው ቀጥሎ ያደረገው ነው። ስህተቱ የማን ሐሳብ እንደነበረ ሳይሆን ስሙ እንዴት እንደተመሳሰለ፣ ፍተሻው ለምን እንዳላገኘው በዝርዝር ጻፈ። ሸክላ ሠሪዋ ስንጥቁን በጣቷ ስታሳይ ማለት ነው።

ሶኒ ግን ይህን አላደረገም፤ ቢያንስ በጊዜው አላደረገም። ሚያዝያ 12 ቀን 2003 ዓ.ም. ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የተባለው የኦንላይን ጨዋታ አገልግሎቱ ተዘጋ። መጀመሪያ የወጣው ቃል አንዳንድ አገልግሎቶች እንደማይሠሩ ብቻ የሚገልጽ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ከውጭ ሰርጎ የገባ አለ ተባለ። የተጫዋቾች ስም፣ አድራሻ፣ የይለፍ ቃል መወሰዱ የተነገረው ግን ሚያዝያ 18 ነው። ጉዳዩ 77 ሚሊዮን አካውንት የሚነካ ነበር። ስድስት ቀን ለጥገና አጭር ሊሆን ይችላል፤ የባንክ ካርዱን ቁጥር ለሰጠ ሰው ግን ረጅም ነው። ከሶኒ ኃላፊዎች አንዱ ካዙኦ ሂራይና ሁለት ባልደረቦቹ ቶኪዮ ላይ በጋዜጠኞች ፊት ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። አገልግሎቱ መመለስ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ሲሆን፣ ለተጫዋቾች ነፃ ጨዋታዎች ተሰጡ። ቁጣው የተነሣው በሌባው ብቻ እንዳልነበረ ልብ ይሏል፤ ቤታቸው መዘረፉን ባለቤቶቹ ዘግይተው በመስማታቸው ነው።

ከዚህ ወዲህ የመጣው ትውልድ ሌላ ቋንቋ ለመደ። የዚህ ቋንቋ ትልቁ ተናጋሪ ናኦኪ ዮሺዳ ይመስላል። «ፋይናል ፋንታሲ 14» እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ የማይጫወቱት ዓይነት ውድቀት ነበር። ሠሪው ኩባንያ ስኩዌር ኤኒክስ ኃላፊውን ቀይሮ ዮሺዳን ሾመ፤ እሱም ጨዋታውን እንደገና ከመሥራት ጎን ለጎን ለተጫዋቾች በስሙ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዲሴምበር አዲሱ ክፍል ሲወጣ ሰው በዛና ወረፋው ሰዓታት ፈጀ። ተሰልፎ የቆየውንም «ስህተት 2002» የሚል ጽሑፍ እያስወጣ ወደ ኋላ ይመልሰው ጀመር። ዮሺዳ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን እንደሚመጣ፣ በዓለም ላይ በተፈጠረው የቺፕ እጥረት ምክንያት አዲስ ሰርቨር በቶሎ መግዛት እንዳልተቻለ ጻፈ። ለነባሮቹ በድምሩ 21 ቀን ነፃ ጊዜ ሰጠ። ከዚያም ነጋዴ የማያደርገውን አደረገ፤ ጨዋታውን መሸጥ ለጊዜው አቆመ። ምድጃው አልችል ካለ አዲስ ሊጥ አይቀበሉም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ሮብሎክስ የሚባለው የኦንላይን ጨዋታ ለ73 ሰዓት ተዘጋ። ሠሪው ዝርዝር እስኪናገር ድረስ ሕዝቡ ራሱ ምክንያት ፈጠረ፦ በዚያው ሰሞን አንድ የምግብ ቤት ድርጅት በጨዋታው ውስጥ ነፃ ምግብ የማደል ዘመቻ ጀምሮ ስለነበር «በምግብ ግፊያ ወደቀ» ተባለ። ኩባንያው ከዚያ ጋር እንደማይገናኝ አስታወቀ፤ እውነተኛውን ምክንያት ደግሞ በጃንዋሪ 2022 ረጅም ጽሑፍ አድርጎ አወጣ። ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚፈላለጉበት ኮንሱል የሚባል ሥርዓት ላይ አዲስ የተከፈተ አሠራር በከባድ ጫና ጊዜ ሥርዓቱን አንቆት ነበር። ጥገናው ለምን እንደዘገየ ሲገልጽ አንድ ነገር አልደበቀም፦ ብልሽት የሚጠቁመው መቆጣጠሪያ ራሱ የተበላሸውን ሥርዓት ተደግፎ ነበር የሚሠራው። መብራት መጥፋቱን ለማስታወቅ በመብራት የሚሠራ ስልክ እንደማዘጋጀት ነው። አዲስ አበቤ ይህን ለመረዳት የኮምፒዩተር ዲግሪ አያስፈልገውም።

እነዚህ ደብዳቤዎች ግን ቀጨኔ ሲደርሱ ግማሹን ትርጉማቸውን ይጥላሉ። የሚነበቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጌም ቤቱ ውስጥ «ሜንቴናንስ» የሚለውን ቃል አይቶ «ሰዓቱን ተው፣ ዛሬ አይከፈትም» ብሎ የሚተረጉም አንድ ልጅ አለ፤ ከትምህርት ቤት ይልቅ ስክሪኑ ያስተማረው። ትልቁ ጉድለት ግን የቋንቋ አይደለም። ዮሺዳ የሚያብራራው የራሱን ሰርቨር ብቻ ነው። የቀጨኔው ተጫዋች ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጨዋታ ስልኩ ላይ ከፍቶ አውሮፓን ወይም መካከለኛው ምሥራቅን ሲመርጥ ጥይቱ ከስልኩ እስከ ሰርቨሩ ብዙ እጅ ያልፋል። ጥግ ላይ ያለው የፒንግ ቁጥር ቀልቶ «ስታክ» ሲያደርግ ተጠርጣሪው ብዙ ነው፦ ስልኩ፣ ዋይፋዩ፣ ኔትወርኩ፣ ባሕር ማዶ ያለው ማሽን።

የኤሌክትሪክ ምጣድም እንዲሁ ነው። ሸክላው የሴቶቹ እጅ ሥራ ነው፤ ከሥሩ በተቦረቦረው መስመር ሽቦ የሚዘረጋው ሌላ ባለሙያ ነው፤ ኃይሉን የሚልከው መሥሪያ ቤት ነው። ምጣዱ በአንድ ጎን ብቻ ሲግል ሸክላ ሠሪዋ ሽቦውን፣ ሽቦ ዘርጊው የኃይሉን መዋዠቅ ይጠቁማሉ። በእንጨት ዘመን አንድ ሰው ይመልሰው የነበረው ጥያቄ ለሦስት ተከፈለ።

አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ የሚመልስ አይኖርም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ፤ ከዚያ አንድ ዓመት በፊት በሰኔ 2011ም በፈተና ሰሞንና ከሰኔ 15ቱ የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ ተዘግቶ ነበር። ለጨዋታ ሠሪው የኢትዮጵያ ተጫዋች በድንገት የጠፋ ነጥብ ነው፤ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፣ የሚጻፍ ደብዳቤ የለም። በ2015 ዓ.ም. መባቻ ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም አገልግሎት ሲጀምር ልጆቹ ያተረፉት አንድ ነገር ሁለተኛ የመመርመሪያ ጣት ነው። «በሳፋሪኮም ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ የአጥሩን ጥያቄ ቦታ ወሰደ።

የአገር ውስጥ ሠሪዎች ርቀቱን ያሳጥሩ ይሆናል። ቅኔ ጌምስ የሚባለው የአዲስ አበባ ኩባንያ ከገበሬ እጅ የምታመልጥ ዶሮ «ኩኩሉ» በሚል ስም ስልክ ላይ አስሩጧል፤ ገበጣንም ወደ ስክሪን አምጥቷል። እንዲህ ያለ ሠሪ «አልከፍት አለኝ» የሚለውን አማርኛ እንደተጻፈ ይረዳዋል፤ የመብራቱንም ነገር የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም።

ጌም ቤቱ ውስጥ ግን የብልሽት ሥርዓቱ ቀድሞ ተሠርቷል። መብራት ሲጠፋ ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ ከኪሱ የተጨማደደ የልጆች ደብተር ያወጣል። በስልኩ ባትሪ እያበራ በእያንዳንዱ ቴሌቪዥን ፊት ያለውን ስም ይጠይቅና ከጎኑ ቁጥር ይጽፋል፦ ሰባት ደቂቃ፣ አሥራ ሁለት፣ አንድ ጨዋታ ከነትርፍ ሰዓቱ። ልጆቹ ቁጥራቸው በትክክል መጻፉን በትከሻው ላይ አጮልቀው ያያሉ፤ አንዱ ሦስት ደቂቃ ተቀነሰብኝ ብሎ ይከራከራል፣ ሌላው መጋረጃውን ገልጦ ከጎረቤት መልስ ይጠብቃል።