ከአባት ለልጅ የወረደ የዓሣ ማጥመድ ሙያ

በአውሮፓ አገር አንዳንድ ቤተ ሰቦች በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር አስረው፥ ዝንብ አስመስለው፥ ዓሣ የማጥመድን ጥበብ ለልጅ ልጅ ያወርሳሉ። ይህ አጠማመድ ወደ አገራችን የገባው፥ ትራውት የሚባለው ዓሣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ከተለቀቀ ወዲህ ነው። ነገር ግን ዓሣ ማጥመድን የቤተ ሰብ ርስት አድርጎ መያዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ተከዜ ከሚነሣበት ከላስታ ደጋ ወደ ምዕራብ ተጉዘን ወደ ጣና ስንወርድ፥ ይህን ሙያ ለብዙ ትውልድ ጠብቀው የኖሩትን ነገደ ወይጦን እናገኛለን።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው። በዳርቻው የሚያድገው የወይጦ ልጅ ሙያውን የሚማረው በዓይኑና በእጁ ነው። ደንገል እንዴት እንደሚታጨድ፥ እንደሚደርቅና እየታሰረ ታንኳ እንደሚሆን ከአባቱ አጠገብ ሆኖ ያያል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፥ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ሊመታው ይገባል፤ ዕድሜውም አጭር ስለ ሆነ በየጊዜው አዲስ መሥራት ግድ ነው። ከዚህም የተነሣ ትምህርቱ ሳይቋረጥ ይኖራል። በክረምትም ባርበስ የተባለው የዓሣ ወገን እንቁላሉን ሊጥል ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች መውጣቱን አጥማጁ ጠንቅቆ ያውቃል።

ዳሩ ግን ይህ ሕዝብ እንደ ሙያው መጠን አልተከበረም። ጉማሬ አድኖ ይበላ ስለ ነበር፥ እስላም ሆኖ ሳለ እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤቱ ከማዕዱ ይርቅ ነበር። ከንቀቱም ጋራ ሌላ ጉዳት ደረሰ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ገደማ አገራችንን የጐበኘው ጀምስ ብሩስ፥ ወይጦዎች ከሌላው ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። በ1907 ግን ኦይገን ሚትቮኽ የተባለው የጀርመን ሊቅ አማርኛ ብቻ እንደሚናገሩ አስታወቀ። በ137 ዓመት ውስጥ አንድ ቋንቋ ሳይጻፍ ጠፋ።

ቋንቋው ሲጠፋ ሙያው ቀርቶ ነበር። አሁን ግን እርሱም ተፈትኗል። በዚያው አቆጣጠር በ1986 የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ወደ ጣና ገቡ። የተያዘው ዓሣ በዛ፤ ወደ ወንዝ የሚወጣው የባርበስ ወገን ግን በሚቀጥሉት ዓመታት እጅግ ቀነሰ። ዓሣው ካለቀ፥ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ምንድን ነው?

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። እኛም ይህን ቃል ለታንኳ ሠሪውና ለአጥማጁ ልናውለው ይገባናል። የሙያው ባለቤቶች ዛሬም በሕይወት ስላሉ፥ የሚያውቁትን ከአፋቸው ሰምቶ መጻፍ፥ ዓሣውም እንቁላል በሚጥልበት ወራት መረብን መሰብሰብ የሁላችን ግዴታ ነው። የጠፋውን ቋንቋ መመለስ አንችልም፤ ያልጠፋውን ሙያ ግን ማቆየት እንችላለን።