የትምህርት ቤት ሕንፃ ወጪና የአካባቢ ግብር በምዕራብ ጎጃም

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ወረዳዎች የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለማደስና ለማስፋፋት ብቻ ተለይቶ የሚሰበሰብ ግብር ዛሬ የለም። ደመወዝ ከወረዳ በጀት ይከፈላል፤ የክፍል ግንባታና ጥገና በአብዛኛው የሚሠራው በኅብረተሰብ መዋጮ፣ በትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢና በድጎማ ነው።

የትምህርት ግብር

በ1940 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 በእርሻ መሬት ላይ የትምህርት ግብር ጣለ። ገቢውን የሚቆጣጠሩ የትምህርት ቦርዶችም በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲቋቋሙ ተደነገገ። በ1951 ዓ.ም. የጤና ግብር ተከተለው።

ጎጃም ለዚህ ሥርዓት አስቸጋሪ ግዛት ነበር። መንግሥት የመሬት ግብርን በጋሻ ልክ ማስከፈል ሲሻ፣ ባለርስቱ ቃላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ከተጣለ ርስቱ የሚነጠቅ መስሎት መሬቱን አላስለካም። የ1960ውን የጎጃም ገበሬዎች አመፅ አንዳንዶች የትምህርትና የጤና ግብር ካሳደረው ቅሬታ ጋር ያያይዙታል፤ ገበሬው ከፍሎ በአቅራቢያው ትምህርት ቤትም ክሊኒክም አላየም ይባላል። ይህ ቅሬታ መኖሩ አያጠራጥርም። ሆኖም ለአመፁ ቅርብ ምክንያት የሆነው አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር፣ የገማቾቹ መምጣትና የአስተዳደሩ በደል ይመስላል፤ ዋና ዋና ማዕከሎቹም እንደ ሞጣና ቢቸና ያሉ የምሥራቅ ጎጃም አካባቢዎች ነበሩ። ስለዚህ አመፁን የትምህርት ጥላቻ አድርጎ ማቅረብ ሚዛን አይደፋም። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 77 የቀድሞዎቹን ግብሮች በገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተካ።

የዛሬው አሠራር

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 መሠረት የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግል ገበሬዎች ግብር የክልል ገቢ ናቸው። ወረዳው ሰብስቦ ከጥቅል በጀቱ ጋር ያቀናንሳል፤ አብዛኛው በጀት ለደመወዝ ይውላል። የድርጅቶች ትርፍ ግብር ደግሞ በአንቀጽ 98 የፌዴራልና የክልል የጋራ ነው። በመሆኑም በ2013 ዓ.ም. የተመረቁት የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በደጃፉ ቢቆሙም፣ የከተማው ትምህርት ቤት ከዚያ ግብር በቀጥታ የሚደርሰው የለም።

መዋጮ

አባወራው ጥሬ ገንዘብ፣ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ድንጋይ፣ አሸዋ ወይም ጉልበት ያዋጣል። የወላጅ መምህር ኅብረትና የቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ያስተባብራሉ። መዋጮው በስም በፈቃድ ነው፤ ቀበሌ መጠኑን ቆርጦ ሲያስታውቅ ግን ከግብር የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። ዳስ ውስጥ የተጀመሩ ብዙ ክፍሎች ወደ ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን የተሸጋገሩት በዚህ መንገድ ነው። ሣርና ዛፍ ሽጦ የሚገኘው የውስጥ ገቢ ለጥቃቅን ጥገና ይውላል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ «ትምህርት ለትውልድ» የተሰኘው አገር አቀፍ ንቅናቄ ተጨምረዋል።

ጉዳት

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በዞኑ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል።

የንብረት ታክስ

የንብረት ታክስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። የሚመለከተው የከተማ መሬትንና ሕንፃን ስለሆነ የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤቶችን አይነካም።