ድመት ጡረታ ስትወጣ

«ድመት ብትመነኩስ ዓመሏን አትረሳም» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚወረወረው ለክፋት ነው። ሰውዬው ተለውጫለሁ ቢልም አትመኑት ለማለት! እኔ ግን ዛሬ ተረቱን ከሰው ላይ አንስቼ ለባለቤቷ ለድመት ልመልስላት ነው። በየኮንዶሚኒየሙ ሶፋ ላይ እንደ ትራስ ተጋድማ የምትውለውን፣ ሆዷ ምንጣፉን ሊጠርግ የደረሰውን ድመት ለማክሳት ከዚህ ተረት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። እመቤቲቱ መንኩሳለች፤ ዓመሏ ግን ያው ነው። የተለወጠው ቤቱና ሥራዋ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከጥንት እንጀምር። በ2004 ተመራማሪዎች ቆጵሮስ ደሴት ላይ 9,500 ዓመት ግድም ያስቆጠረ መቃብር ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ከሰውየው 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ አንዲት ድመት ተቀብራለች። በደሴቲቱ ላይ ድመት በተፈጥሮዋ አትገኝም ነበር፤ በጀልባ ጭኖ ያመጣት ሰው ነው ማለት ነው። ለምን? ገበሬ እህል አከማቸ፣ እህል አይጥ ጠራ፣ አይጥ ደግሞ የዱር ድመት ጠራ። (የዚያች የዱር ድመት ዘመዶች ዛሬም በአፍሪካ፣ በእኛም አገር ጭምር ይኖራሉ።) በሬን ጠምደነዋል፣ ውሻን አዘነዋል። ድመትን ግን ማንም አልቀጠራትም፤ ራሷ መጥታ ሥራ ጀመረች። ደመወዟም አይጧ ራሷ ነበረች።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው ስንወዳት ነው። ግብፅ ውስጥ ቴብስ አጠገብ በሚገኘው የናክት መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከ3,400 ዓመት ገደማ በፊት የተሳለች አንዲት ድመት አለች። ወንበር ሥር ተቀምጣ ዓሣ ትበላለች። ልብ በሉ፣ አይጥ አይደለም፤ ከጌቶቿ ማዕድ የወረደ ዓሣ! ጉርሻ ድሮም ነበረ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ለንደን እንሻገር። ዓመቱ 1868 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱበት ዓመት። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የገንዘብ ማዘዣ ክፍል አይጥ ወረቀቱን እየቀረጠፈ ሲያስቸግረው ሦስት ድመቶች «እንዲቀጠሩ» ተፈቀደ። በጀታቸው ለሦስቱም በሳምንት 1 ሽልንግ ሆነ፤ የቀረውን ከአይጥ ይሙሉት ተባለ። በስድስት ወር ውስጥ አይጡ ካልቀነሰ አበሉ እንደሚቆረጥም ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ግምገማ ማለት እንዲህ ነው!

የዚሁ መሥሪያ ቤት ታሪክ ግን ከ80 ዓመት በኋላ አስቂኝ ሆነ። ከ1950 እስከ 1964 በዋናው መሥሪያ ቤት ያገለገለው ድመት ቲብስ ይባላል። (የእኛን ጥብስ እንዳታስቡ፣ ስሙ ነው!) ቲብስ የሚኖረው በሠራተኞች መመገቢያ ክበብ ውስጥ ስለነበር ክብደቱ 10 ኪሎ ደረሰ፤ አንድ ጤነኛ የቤት ድመት ግን በአብዛኛው ከ4 እስከ 5 ኪሎ ነው። የሚገርመው፣ ቲብስ ሕንፃውን ከአይጥ ነፃ አድርጎ ነበር ይባልለታል። ድመት ጠግባም ታድናለች። አደን ለእሷ ረሃብ ብቻ አይደለም፣ ዓመል ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቲብስ ቢያንስ ሥራ ነበረው። የዛሬዋን የቤት ድመት ጡረታ ያስወጧት ነገሮች የመጡት በዚያው ዘመን ነው። በ1947 አሜሪካ ውስጥ ለድመት መጸዳጃ የሚሆን ሽታ የሚመጥ አፈር ለገበያ ቀረበ፤ ድመቷ ከዚያ በኋላ ለመጸዳዳት እንኳ ከቤት መውጣት አላስፈለጋትም። በ1957 ፑሪና የተባለው ኩባንያ በማሽን ተነፍቶ የሚወጣ ደረቅ የውሻ ምግብ አመጣ፤ የድመቱም ተከተለ። ከዚህ ላይ እንዳትወልድ የሚደረገው ቀዶ ጥገና ተጨመረ። ቀዶ ጥገናው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሰውነቷ የሚፈልገውን ምግብ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቷን ደግሞ ይጨምራል። ሰሃኗ ግን እንደድሮው ሞልቶ ይቀርባል።

መጨረሻው ምን ሆነ? አውስትራሊያ ውስጥ ሂሚ የሚባል ድመት 21.3 ኪሎ ደርሶ በ1986 ሞተ። የጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብም ሰዎች ለክብረ ወሰን ብለው እንስሳቸውን እንዳያጨናንቁ በመስጋት የዚህን ዓይነት ውድድር ዘጋ።

እኛ ዘንድ «ወፈርሽ» ማለት «አማረብሽ» ማለት ነበር፤ ድመትም ስትወፍር «ተመችቷታል» ይባላል። አልተመቻትም። የስኳር በሽታና የመገጣጠሚያ ሕመም ይከተላታል፤ ጀርባዋን እንኳ መላስ ያቅታታል።

ሒሳቡን እንየው። አንዲት አይጥ 30 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ናት። ባለ 4 ኪሎዋ ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ ይበቃታል፤ ሰባት ስምንት አይጥ ማለት ነው። እያንዳንዷን ለመያዝ ማድባት፣ መዝለል፣ መሳት አለ። ደረቁ ምግብ ግን አንዲት እፍኝ ብቻውን የሦስት አራት አይጥ ያህል ነው፤ ያለ አንዲት ዝላይ!

ታዲያ እንዴት እናክሳት? መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ከ1997 ጀምሮ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ከ1 እስከ 9 የሚደርስ መለኪያ አለ፤ 5 ደህና ነው። ጎኗን ስትዳስሱ የጎድን አጥንቷ በቀላሉ ካልተሰማችሁ ችግር አለ። ሚዛን ከሌላችሁ ይዛችኋት ቁሙና የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ።

ከዚያ እንደ ፖስታ ቤቱ ምግቧን ለኩ፤ ሰጪውም አንድ ሰው ይሁን። ጠዋት እናት፣ ቀትር ላይ ልጅ፣ ማታ አባት «ይቺ ድመት አልበላችም እንዴ?» እያለ ሰሃን የሚሞላበት ቤት ድመት አይከሳም።

ነገር ግን የፖስታ ቤቱን «የቀረውን ከአይጥ ይሙሉት» አትኮርጁ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ አይጥ የለም። ደግሞም ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት ምግብ ካቋረጠች ስቡ ጉበቷ ላይ ተከምሮ ሊገድላት ይችላል። አስርቦ ማክሳት መግደል ነው። ደህናው ፍጥነት በሳምንት ከክብደቷ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ባለ 6 ኪሎዋ በሳምንት 60 ግራም ብትቀንስ 5 ኪሎ ለመድረስ አራት ወር ይፈጅባታል። ታገሱ።

በጾም ወራትም በሽሮና በእንጀራ አታጹሟት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ድመት በበቂ መጠን ራሷ መሥራት ስለማትችል ከሥጋ ታገኘዋለች። በ1987 የወጣ ጥናት የታውሪን እጥረት የድመትን ልብ እንደሚያደክም አሳይቷል፤ ያውም የፋብሪካ ምግብ በሚበሉ ድመቶች ላይ!

አሁን ወደ ቲብስ ልመለስ። ዓመሏ አደን ከሆነ አደኑን መልሱላት። የተለካውን ምግብ ለአራት ለአምስት ከፍላችሁ በየጥጉ ደብቁላት፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ክተቱላት። በቀን ሁለት ሦስቴ የጨርቅ አይጥ በክር ጎትቱላት፤ ስትጨርሱ ክሩን አንሱ፣ ትውጠዋለች። እግራችሁ ሥር መጥታ ስትጮህ ሁልጊዜ የምትለምነው ምግብ ላይሆን ይችላል። ለአሥር ሺህ ዓመት ገደማ የሠራችው ሥራ ናፍቋት ይሆናል።