ሁለት ቦታ ይዞ መጠበቅ ለእኛ አዲስ ነገር ነው

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ትምህርት ሚኒስቴር የመደበኝ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ አንድ የግል የሕክምና ኮሌጅም ተቀብሎኛል። ሁለቱንም ይዤ ትንሽ ብቆይ ችግር አለው?» ለእሱ በአጭሩ መልሼለታለሁ። እዚህ ግን ታሪኩን ልጻፈው፤ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የበቃነው ገና ትናንት ነውና።

ከወሎ እንነሳ። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ የወጡት ከመቅደላ ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ገና ሕፃን ነበሩ፤ እንግሊዞች ይዘዋቸው ሄዱ። ጦሩ የተመለሰው በመጣበት በአሸንጌ በኩል ስለሆነ ያ ሕፃን ከእኛ ራስጌ ባለው ተራራ አልፏል ማለት ነው (ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር የተኛው ተማሪ ሁሉ ቀና ይላል)። ሕንድ አድገው እ.ኤ.አ. በ1882 ላሆር ላይ በሕክምና ተመረቁ። ምረጥ ያላቸው ሰው የለም።

አገር ውስጥ የጤና ትምህርት ደጁን በደንብ የከፈተው ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ወባ ምን እንደሆነ ለዋጃ ሰው አላስረዳም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ያሠለጥን የነበረው ግን ዶክተር ሳይሆን የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነው። ዶክተር መሆን የፈለገ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ባሕር መሻገር ነበረበት። የአዲስ አበባው ሕክምና ፋኩልቲ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጎንደር ራሱ ሐኪም ማስተማር የጀመረው በደርግ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ነው። ያኔ ልጁ ፎርም ይሞላል፣ መንግሥት ይመድባል፣ አለቀ። በኢሕአዴግ ዘመንም 70 ለ30 መጣና ምርጫውን ከላይ ቆረጠው፤ ሐኪም እሆናለሁ ብሎ የሞላ ስንቱ ኢንጂነሪንግ ደርሶት ሻንጣውን አሰረ!

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ 13 አዳዲስ የሕክምና ማሠልጠኛዎች በአንድ ጊዜ ተከፍተው በሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተቀበሉ። ጠመኔውን አስቀምጦ የሄደ አስተማሪ አለ። (እኔ በዲፕሎማ ስለሆንኩ ጥሪው አልደረሰኝም፤ ቢደርሰኝም ደም አልወድም።) በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ድምፃቸውን አሰሙ። ከዚያ ወዲህ ጎበዝ ተማሪ ሁሉ «ሜዲስን» ማለቱን ትቷል፤ እኔ ክፍል ውስጥ የማየው ይህን ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም፤ 3.3 በመቶ ናቸው። በዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ በየበሩ ይፈለጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የግሉም አለ፣ የውጭ ስኮላርሺፕም አለ። ሌላም ነገር አለ፦ ሚኒስቴሩ የሚመድብህ ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ሜዲስን አይደለም። ሜዲስን የሚገኘው ፍሬሽማን ተምረህ፣ በውጤትህ ተወዳድረህ ነው። ስለዚህ ልጁ አንዱን ሳያረጋግጥ ሌላውን አልለቅም ቢል ስስት ነው አልለውም። የድሃ ልጅ ነው፤ የግሉ ክፍያ የአባቱን በሬዎች ይጠይቃል።

አሜሪካ ያላችሁ የራያ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ እዚያ አንድ ተማሪ የብዙ ሕክምና ትምህርት ቤት ቅበላ ይዞ መቆየት ይችላል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ግን፣ በእነሱ አቆጣጠር ኤፕሪል 30፣ አንዱን መርጦ ሌላውን እንዲለቅ ይጠበቃል። ተመራቂ ሐኪሞችን ከሆስፒታል ጋር የሚያገናኘው አገር አቀፍ ድልደላም እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረው ተመሳሳይ ትርምስ ስለነበረ ነው። ሆስፒታሎች በቴሌግራም «በጥቂት ሰዓት ውስጥ መልስ» እያሉ ልጆቹን ያጣድፉ ነበር። ድልደላው ሲመጣ ሁሉም አረፈ።

እኛ ጋ ለሁሉም በር አንድ ላይ የተቆረጠ ቀን የለም። ያለው የየግቢው የምዝገባ ቀን ነው። አንተ ሁለት ወር ይዘኸው የምትለቀው የሜዲስን ወንበር፣ በግማሽ ነጥብ ተበልጦ ሌላ ዲፓርትመንት የገባው ልጅ ወንበር ነው። ስትለቅ እሱ ሌላ ትምህርት ጀምሯል፤ ሰው አይመለስለትም። ምናልባትም የቆቦ ልጅ ነው፣ ምናልባትም አብሮህ ማሽላ የጠበቀ።

ስለዚህ ለልጁ ያልኩት ይህን ነው፦ የግሉ ኮሌጅ ቅድሚያ የተከፈለ ብር ይመልስ እንደሆን ከመክፈልህ በፊት በጽሑፍ ጠይቅ። የ8ኛና የ12ኛ ኦሪጅናልህን ለማንም ጥለህ አትምጣ፣ ኮፒ ስጥ። ብርድ ልብስና አንሶላህን ይዘህ ከመሳፈርህ በፊት ከአባትህ ጋር ቁጭ ብለህ የስድስቱን ዓመት ወጪ በወረቀት አስሉት። የምትተወውንም ግቢ ዝም ብለህ አትጥፋበት፤ በወሰንክበት ቀን ሬጅስትራር ሄደህ ወይም ደውለህ አሳውቅ።

ዊዝድሮዋል ሞልታችሁ የወጣችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ሰነዳችሁን ለማስመለስ ስንት ቀን ፈጀባችሁ? ጻፉለት፣ ያነበዋል።