ጉድጓዱ ለሰው፣ ቅጠሉ ለበግ

መኖን በርጥቡ ጠቅጥቆ፣ አየር አሳጥቶ ለበጋ ማቆየት፣ ማለትም ገፈራ ወይም ሳይሌጅ፣ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚነገርለት ከውጭ እንደመጣ ጥበብ ሆኖ ነው። በእርግጥ ፈረንሳዊው ኦጉስት ጎፋር በበቆሎ ገፈራ ላይ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ፊንላንዳዊው ቪርታነንም የመኖ ማቆያ ዘዴው ተጠቅሶለት በ1945 ኖቤል ተሸልሟል። ጌዴኦን ያየ ሰው ግን ለዚህ ትረካ በቀላሉ እጁን አይሰጥም። በይርጋ ጨፌ ወረዳ፣ ዓለም በቡናዋ በሚያውቃት ኢዲዶና በአካባቢዋ፣ ሴቶች የእንሰቱን ግንድ በቀርከሃ ይፍቃሉ፤ የሥሩን ኮረት፣ አምቾውን፣ ይከተክታሉ፤ ከዚያ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ጠቅጥቀው ቀብረው ድንጋይ ይጭኑበታል። ድንጋዩ አየሩን ያስወጣል፤ ስኳሩ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱም ብስባሴን ይከላከላል። ቆጮ የሚበስለው በዚህ መንገድ ነው፤ የገፈራም መሠረቱ ይኸው ነው።

ታዲያ ጉድጓዱን የሚያውቅ ሕዝብ ለበጉስ ለምን አልቆፈረም? እንደ እኔ ግምት ስላላስፈለገው ነው። ገፈራ የሚያስፈልገው ለምለሙ በበጋ ለሚጠፋበት አገር ነው። እንሰት ግን ውኃን በግንዱ ይዞ፣ ሣሩ ሲደርቅ እንኳ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። መሬት በጠበበበት፣ ግጦሽ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚህ አገር፣ ጓሮ ለታሰሩት ጥቂት በጎች ቅጠሉ በየዕለቱ እየተቆረጠ ይቀርባል፤ ፋንድያቸውም ወደ እንሰቱ ሥር ይመለሳል። መጋዘኑ ቆሞ የሚያድገው ተክል ራሱ ስለሆነ ጉድጓዱ ለሰው ምግብ ቀረ።

ጌዴኦ ዝናባማ ነውና ለደረቁ አገር ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንሰትን ቦረና ወስዶ መትከል መፍትሔ አይሆንም፣ እዚያ ሊቀበር የሚገባው ድርቅ የሚችለው ማሽላ ነው። ሊወሰድ የሚገባው የእጅ ሥራው ነው፦ በደንብ መከተፍ፣ ጠቅጥቆ መጫን፣ አጥብቆ መክደን። ለገበሬው ገፈራ የሚያስተምር ባለሙያ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክና መክተፊያ ማሽን ይዞ ይመጣል፤ ቆጮ የምትቀብረውን ሴት ግን የሚጠይቅ የለም፣ ይህ ይገርመኛል። ሌላው ተቃውሞ የመኖው ጥራት ነው፤ እሱም እውነት አለው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንሰትን ክፍሎች ለበግ እየመገቡ ፈትነዋል፤ ቅጠሉ በፕሮቲን ይሻላል፣ ግንዱና አምቾው ግን ስታርች እንጂ ፕሮቲን የላቸውም ማለት ይቻላል። ቅጠሉ ደግሞ ውኃ ስለሚበዛበት ሳይጠወልግ ቢቀበር ጭማቂው ይፈስሳል፣ መኖውም ይበላሻል።

ያ ቋሚ መጋዘን፣ እንሰቱ፣ ግን ዛሬ እንደ ድሮው አይታመንም። ቅጠሉ በብዛት ሲቆረጥ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ቆጮውም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ የተመዘገበው የእንሰት አጠውልግ በሽታም ባልጸዳ ቢላዋና የታመመውን ተክል በበላ ከብት ይዛመታል። ለበጉ መኖ መቅበር በጌዴኦም የሚያስፈልግበት ጊዜ የመጣው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው።