በግሸንና በአምባሰል የውኃ አያያዝና የጎርፍ መከላከል ታሪክ

ግሸን በደቡብ ወሎ ዞን፣ በአምባሰል ወረዳ የሚገኝ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በግማደ መስቀሉ፣ መስከረም 21 ቀን በሚከበረው ታላቅ በዓልና በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት በነበረው ታሪኩ ይታወቃል። ይህ መጣጥፍ አምባው የቆመበትን ተራራማ አገር የውኃ ታሪክ ይመለከታል፦ ዝናቡ ወዴት እንደሚወርድ፣ ገበሬው እንዴት እንደጠለፈው፣ ጎርፉን በምን እንደተከላከለው። በአምባሰልና በአጎራባች ወረዳዎች የጎርፍ መከላከል ሥራ በዋናነት የተሠራው በወንዝ ዳር ሳይሆን በተዳፋቱ ላይ ነው። መሣሪያውም ትልቅ ግድብ ሳይሆን የድንጋይ እርከን፣ ክትርና ቦይ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ለመረዳት ከመሐንዲሶቹ ይልቅ የገበሬውን ጉልበት፣ መሬቱን የያዘበትን ሁኔታና እርከኑን የሠራው ለማን እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

የውኃ መለያው

የአምባሰል ተራራ ሰንሰለት የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ድንበር ነው። በምዕራብ በኩል፣ የግሸንን አካባቢ ጨምሮ፣ የሚወርደው ውኃ ወደ በሽሎ ይገባል፤ በሽሎም ወደ ዓባይ። በምሥራቅ የሚወርደው በሚሌ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሚሌ የሚነሳው በተሁለደሬ ወረዳ ከሱሉላ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጋራ ላይ ከወረደው ዝናብ ገሚሱ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ለመድረስ ይጓዛል፤ ገሚሱ ደግሞ ከባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በአቤ ሐይቅ ያከትማል።

የምሥራቁ ተዳፋት ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርድ ቁልቁለት ነው። በግርጌው ከደቡብ ወደ ሰሜን የተደረደሩ ዝቅተኛ ሜዳዎች አሉ፦ ቦርከና፣ ሐይቅ፣ ጊራና፣ ቆቦ። መሬት በመሰንጠቅና በመስመጥ የፈጠራቸው እነዚህ ሜዳዎች ከተራራው የሚወርደውን ውኃና ደለል ይቀበላሉ። አፈራቸው ለም የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጎርፍ የሚያጠቃቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወንዞቹ አጭርና ቁልቁል ስለሆኑ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሜዳው ላይ ደራሽ ሆኖ ይደርሳል። በሜዳው ፀሐይ እያለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል።

አካባቢው ሁለት የዝናብ ወቅት አለው። በልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይጥላል፣ ግን አይታመንም። ክረምት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋናዎቹ ወራት ናቸው። ጎርፍ አፈሩን ክፉኛ የሚያጥበው በክረምቱ መግቢያ ነው፤ መሬቱ ታርሶ ለስልሷል፣ ቡቃያው ግን ገና አልሸፈነውም።

ሁለቱ ሐይቆች

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ፣ በተለምዶ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው። ከእሱ ከፍ ብሎ አርዲቦ ሐይቅ ይገኛል። የአርዲቦ ትርፍ ውኃ በአነስተኛ ወንዝ ወደ ሎጎ ሲወርድ ኖሯል፤ በኋላ ግን ገበሬዎች ለመስኖ እየጠለፉት ወደ ታችኛው ሐይቅ የሚደርሰው ቀንሷል።

ሎጎ ዛሬ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ የለውም። ቀድሞ ውኃው ሞልቶ ወደ ሚሌ ይፈስ ነበር። መውጫ የሌለው ሐይቅ በትነት ብቻ ውኃ ቢያጣ ኖሮ ከዘመን ብዛት ጨዋማ መሆን ነበረበት፤ ይሁን እንጂ ውኃው ለከብትና ለመስኖ የሚሆን ለስላሳ ውኃ ነው። ተመራማሪዎች ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ሐይቁ በከርሰ ምድር በኩል ውኃ እንደሚያወጣ ነው። በታችኛው አገር ስለሚገኙ ምንጮችና ጉድጓዶች የሚያቅድ ሁሉ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

የሐይቁ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል ኖሯል። ለዚህ ትልቁ ምስክር ገዳሙ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያቋቋሙት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመው በደሴት ላይ ነበር። በ1520 (እ.ኤ.አ.) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በደሴት ላይ እንዳለ ጽፏል። ዛሬ ግን ገዳሙ በእግር የሚደረስበት፣ ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳነ ምድር ላይ ነው። የአካባቢው አፈ ታሪክ የሐይቁን አፈጣጠር የሚያያይዘው ከግፍ ጋር ነው። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴትን በደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት ስፍራ በቀር ዙሪያውን ውኃ አደረገው፤ ያ ስፍራ ነው ደሴት የሆነው ይባላል።

ከሐይቆቹ ወለል የወጣው ደለልም የራሱን ታሪክ ይዟል። በደለሉ ውስጥ የተቀበረው የዕፅዋት ብናኝ እንደሚያሳየው ደኑ መመንጠር የጀመረው ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦና ሣር ለረጅም ዘመን ቦታውን ያዙ። ከ1400 እስከ 1700 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ጽድ እንደገና በዝቶ ደን ሆነ፤ ኋላም ተመልሶ መነመነ። ይህ ማስረጃ «ወሎ ትናንት በደን የተሸፈነ ነበር፤ በአንድ ትውልድ ተራቆተ» ለሚለው ተደጋጋሚ አባባል ትልቅ ማስተካከያ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚም በ1937 (እ.ኤ.አ.) በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ ከነበረው ገጽታ ጋር አነጻጽሮ ዛፉ እንዲያውም በዝቶ እንዳገኘው አሳይቷል፤ ለብዛቱም ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍ ትልቅ ድርሻ አለው። በእርግጥ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሣርና ቅጠል ካልተተወለት ጎርፍ አይመልስም። የዛፍ ቁጥርና የአፈር ጤና አንድ አይደሉም።

የቆየው አያያዝ

የአምባሰልና የአካባቢው ገበሬ ምንጭና ጅረት ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው መምራትን ከጥንት ያውቀዋል። በአማራ አገር በብዙ ስፍራ እንደሚደረገው የውኃውን ተራ የሚያስከብር፣ ቦዩ በሚጠረግበት ቀን ሰው የሚጠራ፣ ተራ የሰረቀውን የሚዳኝ ሰው በተጠቃሚዎቹ ይመረጣል፤ «የውኃ አባት» ይባላል። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከወረዳ አይደለም፤ ከመከበሩ ነው። ዘመናዊ መስኖ በተሠራባቸው ቦታዎች ማኅበራት በሕግ ሲቋቋሙ ይህን ሥርዓት መሠረት ማድረግ ብዙ ጠብ ያስቀራል፤ ችላ ያሉት ግን ቦያቸው በደለል ሲሞላ የሚጠርግ ሰው አጥተዋል።

ወደ ሰሜን በቆቦ ሜዳ ደግሞ ራሱ ጎርፉ ይጠለፋል። ወንዙ ሲሞላ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ በተሠራ ክትር ተቀልብሶ ወደ ማሳ ይለቀቃል፤ መሬቱ ውኃውንም ደለሉንም ይጠጣል። ክትሩ በኃይለኛ ደራሽ ይፈርሳል፤ ገበሬውም እንደገና ይሠራዋል። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ የተቋቋመው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በዚሁ ሜዳ የከርሰ ምድር ውኃን በጉድጓድ እያወጣ ወደ መስኖ አሻግሯል። ያ ውኃ የሚተካው ከተራራው በሚሰርገው ዝናብ ስለሆነ የሜዳው ጉድጓድና የጋራው እርከን የአንድ ሥራ ሁለት ጫፎች ናቸው።

የበሽሎ ወገን ታሪክ ሌላ ጠባይ አለው። ሸለቆው እጅግ ጥልቅ በመሆኑ ወንዙ ለመስኖ ሳይሆን ለመንገደኛ እንቅፋትነቱ ይታወስ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ በዚሁ ሸለቆ ገደል መንገድ አስጠርበዋል፤ የእንግሊዝ ጦርም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በሽሎን ተሻግሮ ነው መቅደላ የደረሰው።

ከረሃብ ወደ እርከን

መንግሥት በአምባሰል ተዳፋት ላይ በሰፊው የገባው በረሃብ ምክንያት ነው። የ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ፣ ከዚያም የ1977ቱ፣ ወሎን ክፉኛ ጎዱ። የማኅበራዊ ጉዳይ ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶ ገበሬው ረሃብን እንዴት እንደሚቋቋም ያጠኑት በዚሁ በአምባሰል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የተቋቋሙት የገበሬ ማኅበራት ሕዝቡን በአንድ ቃል ለሥራ የሚያስወጡ ሆኑ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ደግሞ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እህልና ዘይት እየከፈለ እርከን፣ ክትርና የዛፍ ተከላ የሚያሠራ ትልቅ ፕሮጀክት ከፈተ። ወሎ ከዋናዎቹ የሥራ ቦታዎች አንዷ ነበረች።

የተሠራው ብዛት ያስደንቃል፤ ተራሮች ከግርጌ እስከ አናት ተሰመሩ። የቀረው ግን ከተሠራው በጣም ያንሳል። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና በ1983 ደርግ ሲወድቅ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ የተከለለው ደን ተቆረጠ። ይህን «የገበሬው አላዋቂነት» ያሉ ነበሩ፤ ፍርዱ ትክክል አይደለም። እርከኑ ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል። በሬ ለማዞር ያውካል። በድንጋዩ ውስጥ አይጥ ይራባል። በእርጥብ ደጋ ደግሞ ውኃ አቁሮ ሰብሉን ያበሰብሳል፣ ሲሞላም ተደርምሶ ቦረቦር ይከፍታል። መስመሩ የተቀየሰው ያለ ገበሬው ምክር ነው፤ መሬቱ ነገ ለሌላ ሊደለደል ይችላል፤ ሥራው ሲቆም ቀለቡም ይቆማል። እንዲህ ባለ ሁኔታ እርከን የሚጠግን ገበሬ መጠበቅ ከባድ ነበር።

ዕውቀቱ የተገኘው ከዚሁ ሥራ ጎን ለጎን ነው። ከስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመጀመሪያ ጣቢያውን በ1981 (እ.ኤ.አ.) የከፈተው በማይባር ነው፤ ከደሴ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአልቡኮ ወረዳ። 113 ሄክታር ያህል ስፋት ባለው በዚህ ትንሽ ተፋሰስ ዝናቡ፣ የወንዙ ልክና በጎርፉ ውስጥ ያለው አፈር ዓመት ከዓመት ተለካ። ከማይባርና ከሌሎቹ ጣቢያዎች በተገኘው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ተመራማሪው ሃንስ ሁርኒ የኢትዮጵያ የታረሰ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር በዓመት ያጣል ሲል ገመተ። ይህ ቁጥር ለሰላሳ ዓመት በየሪፖርቱ ተጠቅሷል። ለእኔ ከቁጥሩ የሚበልጠው ሌላው ግኝት ነው፦ ከዓመቱ መታጠብ አብዛኛውን የሚያደርሱት ጥቂት ከባድ ዝናቦች ናቸው። በአማካይ ዝናብ የተሰላ ቦይና እርከን በሚያስፈልግበት ቀን ይደረመሳል።

ከ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጠ። በ1997 (ዓ.ም.) የወጣው ማኅበረሰብ አቀፍ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ሥራው ከጋራው አናት እንዲጀምር፣ ቅየሳውም ከነዋሪው ጋር እንዲሆን አዘዘ፤ በዚያው ዘመን የጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለሥራው ጉልበት አስገኘ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ በነጻ የሚካሄደው የሕዝብ ንቅናቄ የአምባሰልን ገበሬ ጭምር ለሳምንታት ያሰልፋል። ከብት እንዳይገባባቸው የተከለሉ ጋራዎች ሣርና ቁጥቋጦ አብቅለዋል፤ ከሥራቸው የደረቁ ምንጮች የተመለሱባቸው ቦታዎችም አሉ። ከእርከን ሁሉ ይበልጥ ፈጥኖ ውጤት የሚታይበት ይህ ክለላ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ከብቱን የሚያሰማራበት ያጣው ድሃ ስለሆነ ሣሩን አጭዶ የመውሰድ መብት ካልተሰጠው አይጸናም።

የታችኛው አገር

ከደጋው የሚወርደው ውኃ ምን እንደሚያደርስ በቦርከና ወንዝ ላይ በግልጽ ይታያል። ወንዙ ከኩታበር አካባቢ ተነሥቶ በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል። ደሴ በገደል ተከባ በጠባብ ቦታ የሰፋች ከተማ ናት፤ ጣሪያና አስፋልት በበዛ ቁጥር ዝናቡ ሳይሰርግ ወደ ወንዙ ይሮጣል። የኮምቦልቻ ሠፈሮችና ፋብሪካዎች በሜዳው ላይ፣ በወንዙ መስፊያ አጠገብ ናቸው። በወንዙ ዳር የሚሠራ የጋቢዮን ግንብ አንዱን ሠፈር ሲያድን ውኃውን በፍጥነት ወደ ቀጣዩ ይልከዋል።

ጨፋ ሰፊ ረግረግ ነው። ረግረጉ የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ ቀስ በቀስ ወደ አዋሽ ይለቃል፤ በበጋ ደግሞ ለአፋር፣ ለኦሮሞና ለአርጎባ ከብት አርቢዎች የመጨረሻ ግጦሽ ይሆናል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ወቅት 50,000 ያህል አርብቶ አደሮች 200,000 ያህል እንስሳት ይዘው ተጠግተውበት እንደነበር ተዘግቧል። ጥቂት በጥቂት እየተጠነፈፈ ወደ እርሻ መለወጡ ምርት አስገኝቷል። የጎርፍ ማረፊያውንና የድርቅ መሸሸጊያውን ግን አጥብቧል። ወሎ ውስጥ ሊጠበቁ ከሚገባቸው የውኃ ሀብቶች ሁሉ ተከላካይ የሌለው ይህ ረግረግ ይመስለኛል፣ ሁሉም እንደ ትርፍ መሬት ያየዋልና።

አስተዳደሩ

አዋሽ በሕግ የራሱን ባለሥልጣን ያገኘው በ1954 ዓ.ም. ነው። የቆቃ ግድብ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ቢጠናቀቅም የሚሌንና የቦርከናን ጎርፍ አይይዝም፤ ሁለቱም ወደ አዋሽ የሚገቡት ከቆቃ በታች ነው። የበሽሎ ወገን ግን በዓባይ ጥናቶች ውስጥ ከመካተት በቀር የራሱ መሥሪያ ቤት ሳያገኝ ቆየ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 534 የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣኖችን ሲያቋቁም ዓባይና አዋሽ ለየብቻ ተዋቀሩ፤ በ2010ዎቹ (ዓ.ም.) አንድ ባለሥልጣን ሆኑ፣ ኋላም ሥራው ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። በዚህ ሁሉ መዋቅር መለዋወጥ የአምባሰል ወረዳ አንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት ይዞ ሁለት ተፋሰስ ሲያገለግል ኖሯል።

ከምሥራቁ ተዳፋት የታጠበው አፈር በሚሌ በኩል በአፋር ወዳለው የተንዳሆ ግድብ ይሄዳል፤ ከምዕራቡ የታጠበው በበሽሎ በኩል ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ይሄዳል። የሁለቱም ግድቦች ዕድሜ በደለሉ መጠን ይወሰናል። ደለሉን ከምንጩ ለማስቀረት በየዓመቱ በጥር ድንጋይ የሚሸከመው ገበሬ ግን ከሕዳሴው ኤሌክትሪክም ሆነ ከተንዳሆው ሸንኮራ አገዳ ገቢ የሚያገኝበት ቋሚ ሥርዓት አልተለመደም። የታችኛው ተጠቃሚ ለላይኛው እርከን የሚከፍልበት ውል በኢትዮጵያ የውኃ አስተዳደር ውስጥ ገና ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነው።