ብሌንደር ለጀማሪዎች፦ ከጀበና ቅርጽ እስከ ተንቀሳቃሽ ሥዕል

ብሌንደር በኮምፒውተር ላይ ባለ ሦስት አውታር ቅርጽ ለማበጀት፣ ቅርጹን ለማንቀሳቀስና ውጤቱን በሥዕል ወይም በፊልም መልክ ለማውጣት የሚያገለግል ነፃ ፕሮግራም ነው። በዚህ ሙያ ላይ ለመሠማራት ቀደም ሲል ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን ገንዘብ ዋናው ችግር አይደለም። ብዙውን ጀማሪ ከመንገድ የሚያስቀረው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥራ ጀምሮ አንዱንም ሳይጨርስ መሰልቸቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ፕሮግራሙ ከየት እንደ መጣ፣ መሠረታዊ ቃላቱ ምን ማለት እንደሆኑ፣ የመጀመሪያው ሥራ ምን ቢሆን እንደሚሻልና አንድን ጀማሪ እንዴት መርዳት እንደሚገባ በቅደም ተከተል ያቀርባል። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የፕሮግራሙ አመጣጥ

ብሌንደር የተወለደው በኔዘርላንድስ ነው። ቶን ሮዘንዳል የተባለ ሰው በ1994 ኒዮጂዮ ለተባለው የአኒሜሽን ስቱዲዮው የውስጥ ሥራ መገልገያ እንዲሆን ጀመረው። በ1998 ደግሞ ፕሮግራሙን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኩባንያ ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ኩባንያው አልዘለቀም፤ በ2002 መጀመሪያ ላይ ባለ ሀብቶቹ ዘጉት። የፕሮግራሙ ባለቤትነት በእነርሱ እጅ ስለነበረ፣ ለዓመታት በእርሱ ሲሠሩ የቆዩ ሰዎች ሁሉ ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ሮዘንዳል የብሌንደር ፋውንዴሽንን አቋቁሞ ከባለ ሀብቶቹ ጋር ተደራደረ። 100 ሺህ ዩሮ ከተከፈለ የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ተስማሙ። በሐምሌ 2002 የተጀመረው መዋጮ በ7 ሳምንት ውስጥ ሞላ። ገንዘቡን ያዋጡት በአብዛኛው ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በጥቅምት 13 ቀን 2002 ብሌንደር ጂፒኤል በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ወጣ።

ይህ ታሪክ ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት አለ። በዚያው ዘመን በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ዘንድ የተወደደ ትሩስፔስ የተባለ ሌላ ፕሮግራም ነበር። ማይክሮሶፍት በ2008 አምራቹን ካሊጋሪን ገዛና ትሩስፔስን በነፃ ሰጠ፤ በ2009 ግን ሥራው ተቋረጠ። ነፃ መሆን ብቻውን ዋስትና አይደለም ማለት ነው። ምንጭ ኮዱ በሕዝብ እጅ ያለ ፕሮግራም ግን አንድ ኩባንያ ስለፈለገ ብቻ ሊጠፋ አይችልም። ዓመታት የሚፈጅ ሙያ ለመማር የሚነሣ ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ ይኖርበታል።

ፈቃዱ ሌላም ጥቅም አለው። ብሌንደርን ለመጠቀም ምዝገባም ሆነ የማያቋርጥ ኢንተርኔት አያስፈልግም። በፍላሽ ዲስክ ገልብጦ አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም እህት መላክ ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ ነው። በፕሮግራሙ የተሠራው ሥዕልና ፊልምም የሠሪው ንብረት ነው፤ ቢሸጠው የሚጠይቀው የለም። ትልልቅ ስቱዲዮዎች የሚገለገሉበት ማያ የተባለው ፕሮግራም ሙሉ ፈቃድ ግን በዓመት ከ1,500 ዶላር በላይ ያስከፍላል።

መሠረታዊ ቃላት

ፕሮግራሙን የከፈተ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው በመካከል የተቀመጠ አንድ ግራጫ ኩብ፣ አንድ ካሜራና አንድ መብራት ነው። እነዚህ ሦስቱ የሙያው ማጠቃለያ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ የሚታይ ነገር፣ የሚያይ ዓይንና የሚያሳይ ብርሃን።

ቨርቴክስ፦ በቦታ ላይ ያለ አንድ ነጥብ ነው። ሁለት ነጥቦች ሲገናኙ ኤጅ፣ ማለትም ጠርዝ ይሆናሉ። ጠርዞች ዙሪያውን ሲዘጉ ፌስ፣ ማለትም ገጽ ይፈጠራል።

ሜሽ፦ የነጥቦች፣ የጠርዞችና የገጾች መረብ ነው። የሰው ፊትም ሆነ መኪና በኮምፒውተር ውስጥ እንዲህ ያለ መረብ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ያለው ቆዳ ብቻ ነው።

ሞዴሊንግ፦ መረቡን እየጎተቱ፣ እየቆረጡና እየጨመሩ ቅርጽ ማበጀት ነው።

ማቴሪያል፦ የገጹ ጠባይ ነው፤ ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ወይስ እንደ ሸክላ ይደብዝዝ የሚወስነው እርሱ ነው።

ኪፍሬም፦ በአኒሜሽን ጊዜ "በዚህች ቅጽበት ዕቃው እዚህ ነው" ተብሎ የሚተከል ምልክት ነው። በሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላል።

ሬንደር፦ ካሜራው የሚያየውን ነገር ኮምፒውተሩ አስልቶ ሥዕል አድርጎ የሚያወጣበት ሥራ ነው። ብሌንደር ለዚህ ሁለት ዋና ሞተሮች አሉት። ሳይክልስ የብርሃንን ጉዞ እየተከተለ ስለሚያሰላ ቀርፋፋ ቢሆንም ውጤቱ ወደ ፎቶግራፍ የቀረበ ነው። በ2019 የመጣው ኢቪ ደግሞ እንደ ኮምፒውተር ጨዋታ ፈጣን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ጀበና

በኮምፒውተር ግራፊክስ ታሪክ እጅግ የታወቀው ቅርጽ ንጉሥም ጀግናም አይደለም፤ የሻይ በራድ ነው። በ1975 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማርቲን ኒውል በቤቱ ያለውን በራድ በእጁ ሥሎ በኮምፒውተር ሠራው። ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም ያሉ ባለሙያዎች አዳዲስ ዘዴዎቻቸውን ሲፈትኑበት ኖረዋል። በራዱ ራሱ በካሊፎርኒያ በኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ተቀምጦ ይገኛል። የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ክብ ሆድ፣ እጀታ፣ መቅጃና ክዳን ስላለው፣ ሳይወሳሰብ ብዙ ያስተምራል።

ለእኛ ደግሞ ጀበና አለን። ቅርጹን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ሲበላሽ ወዲያው ይታየናል፤ ይህም ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ጀበናውን ከጎን ፎቶ ማንሣት። ካሜራው ከጀበናው ወገብ እኩል ይሁን፤ ከቅርብ ከማንሣት ይልቅ ራቅ ብሎ በዙም ማቅረብ ይሻላል። ከቅርብ የተነሣ ፎቶ ሆዱን አግዝፎ አንገቱን ያሳንሳል። ፎቶው በብሌንደር ውስጥ ከበስተ ጀርባ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ የጀበናውን ግማሽ ጠርዝ ብቻ፣ ከቂጡ እስከ አፉ ድረስ፣ በ10 ወይም በ12 ነጥቦች መከተል። ነጥብ ለማንቀሳቀስ ጂ፣ ለማዞር አር፣ ለማሳደግና ለማሳነስ ኤስ፣ አዲስ ነጥብ ለማውጣት ደግሞ ኢ የተባሉትን ቁልፎች መጫን ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት እነዚህ አራቱ ይበቃሉ።

ሦስተኛ፣ ስክሩ የተባለውን ሞዲፋየር መጨመር። ይህ መሣሪያ የተሣለውን መስመር በመካከለኛው ዘንግ ዙሪያ 360 ዲግሪ ያዞረዋል። ሸክላ ሠሪ እጅ ቀስ በቀስ የሚያወጣው ክብነት በአንድ ጊዜ ይገኛል።

አራተኛ፣ እጀታውንና መቅጃውን ከርቭ በተባለው የጎበጠ መስመር ሠርቶ ውፍረት መስጠት። ጫፋቸውን ከሆዱ ጋር ነጥብ በነጥብ መስፋት ለመጀመሪያ ጊዜ አያስፈልግም፤ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ቢቀመጡ ይበቃል።

አምስተኛ፣ ጠቆር ያለ ቀለም ሰጥቶ ራፍነስ የተባለውን ቁጥር ከፍ ማድረግ፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ይደበዝዝና ሸክላ ይመስላል። ከጎን አንድ ሰፊ መብራት አስቀምጦ ኤፍ 12 የተባለውን ቁልፍ ሲጫኑ ሥዕሉ ይወጣል።

በዚህ ሂደት ሁለት ችግሮች በብዛት ያጋጥማሉ። አንደኛው ገጹ ላይ ያልታሰበ ጥቁር ጥላ መታየቱ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የመረቡ ገጾች በግልባጭ ወደ ውስጥ ስለዞሩ ነው፤ ሁሉንም መርጦ ሺፍትና ኤን ሲጫኑ ይስተካከላል። ሁለተኛው የመጠን ነገር ነው። ብሌንደር የሚለካው በሜትር ነው፤ ሲከፈት የሚታየው ኩብ በየጎኑ 2 ሜትር ስለሆነ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጀበና ከቤት ሲበልጥ ብርሃኑም ሌላውም ነገር አልታዘዝ ይላል።

ሁለተኛው ሥራ፦ የሚነጥር ኳስ

ወደ እንቅስቃሴ ሲገባ ብዙ ጀማሪ የሚመኘው ሰው ሲራመድ ማሳየት ነው። የአኒሜሽን ትምህርት ግን ከጥንት ጀምሮ የሚነሣው ከኳስ ነው። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ፍሬሞች አሉት። ኳሱን በፍሬም 1 ከላይ፣ በፍሬም 11 መሬት ላይ፣ በፍሬም 21 እንደገና ከላይ አስቀምጦ በሦስቱም ቦታ ኪፍሬም መትከል ነው።

ሲያጫውቱት ግን ኳሱ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ መሬት ሊነካ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ምክንያቱም ፕሮግራሙ በሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ሲሞላ በሁለቱም ጫፍ ስለሚያለሰልሰው ነው። እውነተኛ ኳስ የሚዘገየው ከላይ ብቻ ነው፤ መሬት ሲደርስ በሙሉ ፍጥነቱ ይመታል። ስለዚህ ግራፍ ኤዲተር በተባለው መስኮት የፍሬም 11ን ምልክት መርጦ ቪ በሚለው ቁልፍ ወደ ቬክተር መለወጥ ያስፈልጋል። ክብ የነበረው የመስመሩ ታች ሹል ይሆንና ኳሱ ወዲያው ክብደት ያገኛል። አኒሜሽን ማለት ዕቃን ከቦታ ወደ ቦታ መውሰድ ሳይሆን ጊዜን ማከፋፈል መሆኑ የሚገባው በዚህች ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚነበበው ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን የተባሉት የዲዝኒ ሠዓሊዎች በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ያሰፈሯቸው 12 የአኒሜሽን መርሆዎች ናቸው። የተጻፉት ለእርሳስና ለወረቀት ቢሆንም ለኮምፒውተርም እንደዚያው ይሠራሉ።

የጊዜ ሒሳብ

ሥራ ከመጀመር በፊት መደመርና ማባዛት ይገባል። የ10 ሴኮንድ ፊልም 240 ፍሬም ነው። አንዱን ፍሬም ሬንደር ማድረግ 2 ደቂቃ ቢፈጅ ጠቅላላው 8 ሰዓት ይሆናል። የ1 ደቂቃ ፊልም በዚሁ ስሌት 48 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ፊልም ከ10 ሴኮንድ እንዳይበልጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሌላው ምክር ውጤቱን በቀጥታ በቪዲዮ ፋይል አለማውጣት ነው። እያንዳንዱ ፍሬም እንደ አንድ ሥዕል ተቀምጦ በመጨረሻ ሁሉም ቢያያዙ ይሻላል። መብራት በሚቋረጥበት አገር ያለ ሠሪ በ200ኛው ፍሬም ላይ ቢጠፋበት የቪዲዮ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ሥዕሎቹ ግን በቦታቸው ይቆዩታል፣ ከ201 ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ቢኖረው ጥሩ ነው።

ጀማሪን እንዴት እንርዳ?

በስደት የሚኖር አባት ወይም እናት የልጁን፣ ወይም ታላቅ ወንድም አገር ቤት ያለውን ታናሹን ጅምር ሊያግዝ ይፈልግ ይሆናል። ረዳቱ ራሱ ባለሙያ መሆን የለበትም። የሚከተሉትን መጠበቅ ይበቃዋል።

ማውሱን ከእጁ አይንጠቀው። ችግሩን በ5 ሴኮንድ የፈታለት ሰው መፍትሔውን ወስዶበታል። "ምን እንዲሆን ፈልገህ ነበር? ምን ሆነ?" ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ሥራውን ይቁረጥለት። "ፊልም ልሠራ ነው" ላለ ልጅ "በዚህ ሳምንት የቤቱን በር ብቻ አሳየኝ" ማለት ነው። ሆኖም የተቆረጠው ሥራ የሚያልቅ መሆን አለበት።

የትምህርቱን ዘመን ይመልከትለት። በ2019 በወጣው 2.80 የብሌንደር መልክ በእጅጉ ተለውጧል፤ ቀድሞ ዕቃ የሚመረጠው በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ በግራው ነው። አሮጌ ትምህርት በአዲስ ፕሮግራም የሚከተል ጀማሪ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል።

ቋንቋውን ያቅልለት። እንግሊዝኛ ገና ለሚቸገር ልጅ 20 ያህል ቃላትን በአማርኛ ፍቺያቸው በአንድ ወረቀት ጽፎ መላክ ከብዙ ገንዘብ ይበልጣል። የግዕዝ ፊደል ፎንት ከተጫነ ብሌንደር አማርኛ ጽሑፍንም ባለ ሦስት አውታር አድርጎ ይቀርጻል፤ የራሱን ስም በፊደሉ ቆሞ ማየት ለልጅ ደስ የሚያሰኝ ጅማሬ ነው።

የሌሎችን ሥራ እንዲከፍት ያበረታታው። የብሌንደር ፋውንዴሽን ኤለፋንትስ ድሪም (2006)፣ ቢግ ባክ ባኒ (2008) እና ሲንቴል (2010) የተባሉ አጫጭር ፊልሞችን ሲያወጣ የተሠሩባቸውን ፋይሎች ጭምር ሰጥቷል። ባለሙያ የሠራውን ፈትቶ ማየት ይቻላል።

ወዴት ያደርሳል?

በመጋቢት 2025 ፍሎው የተባለው የላትቪያ ፊልም የዓመቱ ምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ተብሎ ኦስካር ተሸለመ። ፊልሙ የተሠራው በብሌንደር ነው፤ ከትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ፊልሞች ጋር ተወዳድሮ ነው ያሸነፈው። ይህ ዜና ብዙ ወጣቶችን አነሣሥቷል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ ከዚያ በፊት ለዓመታት አጫጭር ፊልሞችን ሲሠራ እንደ ነበረ፣ በ2019 የወጣውንም አዌይ የተባለ ረጅም ፊልም ብቻውን እንደ ሠራ መዘንጋት አይገባም። ሽልማቱ የመጣው ብዙ ትንንሽ ሥራዎች ካለቁ በኋላ ነው።

ሙያውን ለእንጀራ የሚፈልግ ሰው ቀጣሪዎች በቅድሚያ የሚያዩት የተጠናቀቁ ሥራዎችን መሆኑን ይወቅ። ማያ የሚጠቀም ስቱዲዮ ቢገባም የቅርጽ፣ የብርሃንና የጊዜ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ የሚለወጡት ቁልፎቹ ብቻ ናቸው። ለእንጀራ የማይፈልገውም ቢሆን የአያቱን ቤት ወይም የሰፈሩን አጥር ከትዝታ አውጥቶ ሊያቆም የሚችልበት መሣሪያ በእጁ አለ። ለማንኛውም የመጀመሪያው ጀበና ቢንጋደድም ይለቅ፤ ሁለተኛው ይቃናል።